ሮንዴላ ይደረግበት

«ራሷ ትምረጠው፤ እንዳይከፋት።»

ይህን ያለው የገዛ ወንድሟ ነው። ሉዋ የሰማችው ገና ምንጣፏ ላይ እንደተጋደመች ነበር። የምትተኛው ከብረታ ብረት ቤታቸው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ነው። ቆርቆሮው ከግንባሯ በክንድ ርቀት ላይ ስለሆነ ከረፋድ በኋላ ሰው አያስቀምጥም፤ የወለሉ ጣውላ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ከታች የሚወራውን ሁሉ ወደ ላይ ያሳልፋል። ወንድሟ ኪየትና ሚስቱ ቢክ ይህን አያውቁም ማለት አይቻልም። ብቻ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ዕድሜውን ሲፈጅ ከግድግዳው እኩል ይቆጠራል፤ ግድግዳም ጆሮ እንዳለው የሚያስታውስ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጃቸው የፋት ሠርግ ደርሷል። ሙሽሮቹ የሚያድሩበት ስለሌለ ቆጡ ይታደሳል፣ የአየር ማቀዝቀዣም ይገጠምለታል ተባለ። ሉዋስ? ሉዋ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጎ ኮንግ ትሂድ። የወላጆቻቸው ቤት እዚያ ባዶውን ቆሟል፤ በአባትና በእናታቸው መሠዊያ ላይ የዕጣን ዘንግ የሚለኩስ ሰው ጠፍቷል። ቢክ ይህን ስትል ድምጿ ሐዘን ሐዘን ይል ነበር። ሰውን ከቤት ማስወጣት የፈለገ የሙታንን ስም ይጥራ፤ ማን አፉን ይከፍታል? ቤት ስላችሁ ደግሞ ቤት እንዳይመስላችሁ። ዳክዬ አርቢ ተከራይቶት የነበረ፣ ዝናብ ሲገባ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስበት ነው።

አንድ ችግር ብቻ ቀራቸው፤ ፑንታውን ማን ይሳል? በዚያ ቤት የበርና የደረጃ ብረት ሲበሳ ይውላል፤ ፑንታ፣ የመሰርሰሪያው መብሻ ጫፍ፣ ደግሞ ብረት ሲበሳ ይዶለዱማል። የዶለዶመውን በሚሽከረከረው ድንጋይ ላይ እያገላበጠች የምትስለው ሉዋ ናት፤ አባቷ አስተምሯት ከሞተ ወዲህ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ደሞዝ የላትም። ቤተሰብ ደሞዝ አይከፈለውም፤ ይህ ሕግ ለማን እንደሚበጅ ታውቁታላችሁ። ፋት ስልኩ ላይ ፑንታ የሚስል ማሽን አይቶ ለእናቱ አሳያት፣ እናቱም ለባሏ አሳየችው። ከዚያ በኋላ ነው ኪየት ያቺን ቃል የተናገራት። ደግ መሆኑ ነው።

እኔ ከእነሱ ቤት ፊት ለፊት ሸንኮራ እየጨመቅሁ እሸጣለሁ። ያየሁትን አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ሉዋ ነግራኛለች፤ የቀረውን ቅያሳችን በሙሉ ያውቀዋል። ሰይጎን ሰፊ ከተማ ነው ይባላል እንጂ የእኛ ቅያስ ሁለት ሞተር ሳይክል ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ምስጢርማ ጭራሽ።

ጠዋት ስትወርድ ወንድሟ በትንሿ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ኑድሉን ይበላ ነበር። እንደ ደቡባችን ልማድ በተወለደችበት ተራ ነው የሚጠራት፤ አራተኛ ይላታል። ስሟን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። የአየሩን ሙቀት አነሳ፣ የብረት ዋጋ መናሩን አነሳ፣ ከዚያ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ አራተኛ፣ ዓይንሽም እየደከመ ነው፣ አንድ የፑንታ መሳያ ማሽን ብንገዛ ምን ይመስልሻል፣ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ራስሽ ሄደሽ ምረጪ አላት። ገንዘቡን በጋዜጣ ጠቅልሎ አዘጋጅቶታል። ሉዋ እሺ ጋሼ አለች። ቢክ ከጓዳ ብቅ ብላ ጃንጥላ እንዳትረሺ አለቻት። ሦስቱም ሌሎቹ እንደሚያውቁ ያውቁ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ሆኖም ስለ ዝናቡ ብቻ ተነጋገሩ።

ከመውጣቷ በፊት የዶለዶሙ ፑንታዎች መርጣ በጨርቅ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ማሽን የሚገዛ ሰው ማሽኑን በዓይኑ አይገዛም። ሞተሯን አስነስታ ማሽን ወደሚሸጥበት ሰፈር ነዳች። እዚያ ስትደርስ ሱቆቹ መዝጊያቸውን ገና እያነሱ ነበር፤ እሷ ግን አልገባችም። ማዶ ካለች ሩዝ ሻጭ ዘንድ ቁጭ ብላ፣ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ያለበት ሩዝ አዝዛ፣ ሌላ ሰው ቀድሟት ሱቁ ገብቶ እስኪገዛ ጠበቀች። ለምን እንደሆነ የእኛ ሰው አይጠይቅም። ዓመቱ በእንስሳ ስም በሚጠራበት በእኛ አቆጣጠር ሉዋ የተወለደችው በነብር ዓመት ነው። የነብር ዓመት ሴት የቀኑ የመጀመሪያ ገበያተኛ ሆና ከገባች ሱቁ ቀኑን ሙሉ ይደርቃል ይባላል። በዘመን መለወጫ ጠዋትም እንዲሁ ነው፤ ሌላ ሰው የቤቱን ደፍ እስኪረግጥ ድረስ ከቆጧ አትወርድም። አንድ ጊዜ የሚያገባት ተገኝቶ ነበር፤ የልጁ እናት የልደት ዓመቷን አስቆጥራ ቡናዋን እንኳ ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች። እንግዲህ ይህች ሴት ዕድሜ ልኳን ከሰው ኋላ እየቆመች ነው የኖረችው፤ ማንም ቁሚ ሳይላት ራሷ ትቆማለች።

አንድ ቧንቧ ሠራተኛ መፍቻ ገዝቶ ከወጣ በኋላ ተሻግራ ገባች። ባለሱቋ ወይዘሮ ጋም ትባላለች፤ ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ማራገቢያዋ ከእጇ የማይለይ ሴት ናት። ሁለት ዓይነት መሳያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችላት። አንደኛው አካሉ ብረት ነው፤ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ አይነሳም፤ ዋጋው አሥራ አራት ሚሊዮን ዶንግ። ሌላው ብርቱካንማ ፕላስቲክ ነው፤ ዋጋው ስድስት።

«ይሄ ባለብረቱ እንደ አማት ነው» አለች ወይዘሮ ጋም፤ «ቦታ ይይዛል፣ ግን ሁሉን ያስተካክላል። ፕላስቲኩ እንደ ባል ነው፤ ጩኸቱ ብዙ፣ ሥራው እንደ ዕድልሽ።»

ሉዋ አልሳቀችም። ጨርቋን ፈታ አንዱን ፑንታ ባለብረቱ ውስጥ ሰካች፣ አጠበቀች፣ ወደ ቀኝ አዞረች፣ ወደ ግራ አዞረች። ይኸው ነው፤ አለቀ። አውጥታ ወደ በሩ ብርሃን አነሳችውና ጫፉን አየችው። ብረት የሚቆርጡት ሁለቱ ከንፈሮቹ እኩል ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በፀጉር እንኳ አይበልጥም። አላመነችም። ቁራጭ ብረት አስመጥታ በሱቁ መሰርሰሪያ በሳችው፤ ከግራም ከቀኝም እኩል ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወጣ። የራሷ እጅ እንደዚህ ለመሳል ስንት ዓመት እንደፈጀበት ታውቃለች፤ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ ያውቃል። ይሄ ግዑዝ ምንም ሳይማር አወቀው። ቀናች። በሰው ቀንቼ አላውቅም ነበር፣ እትዬ፣ በብረት ቀናሁ አለችኝ በኋላ።

ፕላስቲኩን ሞከረችው። ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ፑንታውን አንድ ከንፈሩን አስረዝሞ ሌላውን አሳጥሮ መለሰላት። ስትበሳበት ፍቅፋቂው በአንድ በኩል ብቻ ወጣ፣ በሌላው በኩል ብናኝ። ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከፑንታው ሰፍቷል፣ ክብም አይደለም።

ወይዘሮ ጋም ክፉ ሰው አይደለችም። ይሄ በር ላይ መስቀያ ለሚሰቅል ሰው ይበቃል፣ ለብረታ ብረት ቤት ከሆነ ግን ባለብረቱን ውሰጂ፣ በኋላ ስሜን እየጠራሽ እንዳትረግሚኝ አለቻት። ሉዋ ጥቂት ላስብ ብላ ከሱቁ ደጃፍ ካለው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ያሰበችውን እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን ያስበዋል። ባለብረቱን ብትገዛ በገዛ እጇ ራሷን ከቤት ማስወጣቷ ነው። ፕላስቲኩን ብትገዛ ግን ማሽኑ ፑንታ ያበላሻል፣ የተበላሸ ፑንታ ቀዳዳ ያበላሻል፣ ኪየት ፊቱን አጨማድዶ፣ አራተኛ፣ ነይማ እዪልኝ ይላል። አባታቸው በሕይወት ሳለ ቀዳዳ አይዋሽም ይል ነበር። ሰው እጁ ሰንፎ ሊሸሽግ ይችላል፣ ቀዳዳው ግን ይናገርበታል። እሷም በዚህ ነው የኖረችው፤ የሰነፈ ፑንታ ለማንም አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም፣ ታማ እንኳ፣ ትኩሳት ይዟት እንኳ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳልፋ ሰጠች። ከሰው ሁሉ ኋላ የቆመች ሴት አንድ ቀን ለራሷ ብታስብ እኔ አልፈርድባትም፤ እሷ ግን በራሷ ፈርዳለች። ፕላስቲኩን ይዛ ስትወጣ እንደ ሌባ ግራና ቀኝ ታይ እንደነበር ነግራኛለች።

ቤት ስትደርስ የተረፈውን ገንዘብ ሳትነካው ለወንድሟ ሰጠች። ደስ አለው። እኔ አሥሩንም አሥራ አምስቱንም ሚሊዮን ታስወጣኛለች ብዬ ነበር ብሎ ሚስቱን ዞር ብሎ አያት፤ ሚስቱም ሉዋ ሁልጊዜም ለቤቱ አሳቢ ናት አለች። ምሳ ቀረበ። ኮምጣጣ የዓሣ ሾርባ፣ የተቀቀለ አታክልት። ቢክ የዓሣውን ሆድ፣ ያንን የሚወደደውን ክፍል፣ በቾፕስቲኳ አንስታ ሉዋ ሳህን ላይ አስቀመጠችና ስለ ጎ ኮንግ ጀመረች። አባባ በሕልሜ መጡ አለች። መሠዊያዬ ቀዘቀዘ አሉኝ አለች። ሴት ልጅ ብትሆንላቸው እንጂ ምራት ምን ታደርግላቸዋለች፣ እዚያ አየሩም ጥሩ ነው፣ ዓይንሽም ያርፋል፣ እሁድ ፋት በመኪና ያደርስሻል አለች። ፋት ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ኪየት ሾርባ ጨለፈ። ሉዋ ዓሣውን በላች። እስከ እሁድ ድረስ ብዙ ቀዳዳ ይበሳል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሊመረቅ ሆነ። በእኛ ዘንድ አዲስ ማሽን ዝም ብሎ አይነሳም። ጠረጴዛ ይዘረጋለታል፣ የተቀቀለ ዶሮ፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬና አበባ ይቀርብለታል፤ የዕጣን ዘንግ ይለኮስና የሙያው አባቶች እጃቸውን እንዲያኖሩበት ይለመናሉ። ቢክ አዲሱን ሸሚዝ ለባሏ አስለበሰችው። ከዚያ ወደ ሉዋ ጠጋ ብላ፣ ክንዷን ይዛ፣ በለስላሳ ድምፅ ነገረቻት። ኪየት የዝንጀሮ ዓመት ነው፣ አንቺ ነብር፣ ነብርና ዝንጀሮ ደግሞ አይስማሙም፣ መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለምርቃቷ ያህል ብቻ፣ እስኪነሳ ድረስ። ሉዋ አውቃለሁ አለች። ማሽኑን የመረጠችው እሷ፣ ተሸክማ ያመጣችው እሷ፣ ፑንታ እንዴት እንደሚሰካበት ለፋት ያሳየችው እሷ። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣችና እኔ ዘንድ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ሸንኮራ ልጭመቅልሽ ስላት አልፈልግም አለች። ዓይኗ እነሱ በር ላይ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጭሱ በክፍተቱ ይወጣል። ኪየት ሲጸልይ ድምፁ ይሰማል። ከዚያ ማሽኑ ጮኸ፣ ቀጥሎ መሰርሰሪያው ጮኸ፣ እነሱም አጨበጨቡ።

«ሰማሽ፣ እትዬ?» አለችኝ።

ምኑን አልኳት። ለእኔ ብረት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚጮኸው። በአንድ ጎኑ ብቻ እየበላ ነው፣ ስሚው፣ ያነክሳል አለች። ጆሮዬን ብቀስርም የሰማሁት ነገር የለም። ያኔ ነው የሱቁንም የጠዋቱንም የነገረችኝ። ፈጥና ፈጥና፣ ከበሩ ዓይኗን ሳትነቅል፣ አሁን ይወጣሉ፣ አሁን ይጠሩኛል በሚል ሁኔታ። እኔም ጓጓሁ፤ አልዋሽም። ሠላሳ ብርጭቆ የሚጠጣ ደንበኛ ቢመጣብኝ ቆይ የምለው ነበር።

መሰርሰሪያው ቆመ። የፋት ድምፅ ተሰማ።

«አባዬ፣ ቀዳዳው ሰፋ እኮ። ቡሎኑ ይወዛወዛል።»

ሉዋ ከበርጩማዋ ተነሳች። ቀሚሷን በእጇ አበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገች፤ ልክ እንግዳ ፊት እንደሚጠራ ሰው።

«ሮንዴላ ይደረግበት» አለ ኪየት።

ቡሎን ሥር የምትገባውን ያቺን ስስ ክብ ብረት ማለቱ ነው። አንድ ጊዜ ከገባች ሥሯ ያለው ቀዳዳ ቢሰፋ፣ ቢጣመም፣ ማንም አያየውም። ፋት እሺ አለ። ሣጥን ውስጥ ብረት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ቀጥሎ ቢክ በሉ ዶሮው ይቆረጥ አለች። ሉዋ ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ኪየት በሳህን የዶሮውን ጭን ይዞላት ወጣ። አዲሱ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ፊቱ ላይ ደስታም እፍረትም ነበረበት፤ ሁለቱም የውነት ነበሩ፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነልን።

«አራተኛ፣ እጅሽ ይባረክ» አላት። «ጥሩ ማሽን መርጠሻል።»

«መጥፎ ነው፣ ጋሼ» አለች። «እያወቅሁ ነው መጥፎውን የመረጥኩት። ደህናው እዚያው ሱቅ አለ። ባለሱቋ እንኳ አትውሰጂው ብላኝ ነበር።»

መጭመቂያዬን አቆምኩ። እንዲቆጣ ጠበቅሁ፤ እሷም የጠበቀችው ይመስለኛል። ቢቆጣ፣ ቢጮህ፣ እንዴት ታደርጊዋለሽ ቢላት፣ ቢያንስ ያደረገችው ነገር ነገር በሆነ ነበር። እሱ ግን ግራ ገብቶት አያት።

«ምኑ ነው መጥፎው? ይበሳል አይደል?»

«በአንድ ጎኑ ነው የሚበላው። ቀዳዳው ይሰፋል።»

«ቢሰፋስ? የዛሬ ደንበኛ ቀለሙን ነው የሚያየው። ማን ቀዳዳ ያያል፣ አራተኛ?»

ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ሉዋ ሳህኑን ያዘች፤ እሱን አላየችውም፤ ጣቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ነበር የምታየው።

«የእኔንስ?» አለች። «ያን ሁሉ ዓመት እኔ ስስለው የነበረውንስ? አይተኸው ታውቃለህ?»

ኪየት ሸሚዙን ከጀርባው ላይ አላቀቀ። ከውስጥ ሚስቱ ጠራችው።

«ዶሮውን ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አለና ገባ።

እኔ አንድ ብርጭቆ ሸንኮራ ጨምቄ አጠገቧ አኖርኩላት። ሳህኑን ጭኗ ላይ እንደያዘች ተቀምጣለች። ከውስጥ መሰርሰሪያው እንደገና ጮኸ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ዞራ አላየችም።